የሀበሻ ዶሮ ምን አጠፋች?

በምሥራቅ ትግራይ፣ ጉሎመኸዳ ውስጥ፣ መዝብር የሚባል ጥንታዊ የመኖሪያ ስፍራ አለ። ከአክሱም መንግሥት መነሣት በፊት ሰዎች ይኖሩበት ነበር። በቁፋሮ ከወጣው የእንስሳት አጥንት መካከል የዶሮ አጥንት ተገኝቷል፤ ሕሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ዕድሜው በካርቦን ልኬት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ820 እስከ 595 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚወድቅ አሳይተዋል። የዶሮ የዱር ዘመዶች የሚኖሩት በእስያ ጫካ ስለሆነ፣ በቀይ ባሕር ትሻገር በግብፅ በኩል ትምጣ፣ ዶሮ ወደዚህ አገር የገባችው ከውጭ ነው። «የሀበሻ» የምንላት ዶሮ እንግዳ ሆና ገብታ ከ2500 ዓመት በላይ በጓሯችን የሰነበተች መጤ ናት ማለት ነው። ከ«ፈረንጅ ዶሮ» የሚለያት ታዲያ የትውልድ አገሯ ሳይሆን እዚህ የቆየችበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ እሷን በሌላ ለመተካት የተደረገው ሙከራ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፍሬው ያነሰው፣ በእኔ እምነት፣ ገበሬው አዲስ ነገር ስለሚጠላ አይደለም። ከመነሻው ጥፋቱ የዶሮዋ ነው ተብሎ ስለተፈረደ ነው።

የቀረበባት ክስ የታወቀ ነው፤ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፣ ያውም ትንንሽ። ግን ዓመቷን እንቁጠረው። አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት እንቁላል ትጥልና መታቀፍ ያምራታል። ባለቤቷ ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት ወይም ገል ላይ ታስታቅፋታለች፤ 21 ቀን ሳትነሣ ትቀመጣለች፤ ስትፈለፍል ደግሞ ሁለት ወር ያህል ጫጩቶቿን እያስከተለች ስትጭር፣ ከጭልፊትና ከሸለምጥማጥ ስትከላከል ትውላለች። ይህን በዓመት ሁለቴ ብታደርግ 160 ቀን ያህል እንቁላል የለም። ሴቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ እንቁላሉን ሲፈልጉ የማቀፍ አምሮቷን ለማስተው ዶሮዋን ለጥቂት ቀን ወደ ጎረቤት ይልካሉ፣ ቁልቁል ያንጠለጥላሉ፣ ላባ በአፍንጫዋ ይሰካሉ። (ዶሮዋ ብትጠየቅ ጎረቤቱን የምትመርጥ ይመስለኛል።) እንቁላል ጣይ፣ መፈልፈያ መሣሪያ፣ ሞግዚትና ዘበኛ፣ አራቱንም ሆና የምታገለግለው ከአውድማ በተረፈ ጥሬ፣ በግርድና በትል ነው። ሚዛን ላይ የወጣው ግን የመጀመሪያው ሥራዋ ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል ሮድ አይላንድ ሬድ፣ አውስትራሎርፕ፣ ኒው ሃምፕሻየርና ነጭ ሌግሆርን ገቡ። ሌግሆርን በደህና ቀለብ በዓመት ከ200 በላይ እንቁላል የምትጥል ናት፤ ለዚህ የበቃችው አርቢዎቿ የማቀፍ ጠባይዋን በምርጫ ስላጠፉት ነው። ስለዚህ መፈልፈያ ማሽን፣ መብራትና የተዘጋጀ መኖ ትሻለች። ገጠር ላይ ሦስቱም አልነበሩም። ከዚያ የመጣው ዘዴ አውራ ዶሮ ማደል ነበር፤ ገበሬው የተሻሻለውን ይቀበልና የራሱን አውራዎች ያስወግዳል፣ ደሙም በመዳቀል ይሻሻላል ተባለ። ብዙዎች የራሳቸውን አውራ ለማስወገድ እሺ አላሉም። ይህ እምቢታ በግትርነት ሲተረጎም ቆይቷል፤ እኔ ግን የሚያውቁትን ሰጥቶ የማያውቁትን መቀበል ምን ያህል እንደሚያከስር የተረዳ ሰው ሒሳብ አድርጌ አየዋለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የምትጥል ሴት በቀላሉ አልተገኘችም። ደግሞም የተገኙት ክልሶች በፈንግል ከመሞት የዳኑ አልነበሩም። በገጠር ከሚፈለፈሉ ጫጩቶች ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት ሁለት ወር ሳይሞላቸው እንደሚያልቁ ጥናቶች ይናገራሉ፤ ይህን ኪሳራ የአውራው ዘር ሊያስቀረው አይችልም።

«ታዲያ ሳሶ እንዴት ተሳካላት?» የሚለው ጥያቄ የዚህ ክርክር ዋና ፈተና ነው። ካለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ ሳሶና ቦቫንስ ብራውን የተባሉት የውጭ ዝርያዎች በየወረዳው ታይተዋል፣ ተወደዋልም። የሚሸጡበትን መንገድ ልብ ብሎ ላየ ግን መልሱ እዚያው አለ። የአንድ ቀን ጫጩት በቀጥታ ለገበሬ አይሰጥም፤ መሐል ላይ ያለ አሳዳጊ ተቀብሎ፣ አሙቆ፣ አስከትቦ፣ 45 ቀን ገደማ ሲሆናት ነው ለቤተሰብ የሚሸጣት። እናት ዶሮ በጭልፊት ሥር ስትሠራ የኖረችውን ሥራ፣ ክትባት ተጨምሮበት፣ ሌላ ሰው ተረከበው ማለት ነው። የተሳካው ከአዲሱ ደም እኩል ሞግዚትነቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጎደለውም እሱ ነበር። በሌላ በኩል ደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሀበሻ ዘር የሆኑትን የሆሮ ዶሮዎች ትውልድ በትውልድ እየመረጠ ሲያራባ እንቁላላቸውም ክብደታቸውም ጨምሯል። ስንፍና በደሟ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

የከተማው ሕዝብ በ40 እንቁላል ዶሮ አይጠግብም የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ ለአዲስ አበባ ገበያ የፈረንጅ ዶሮ እርባታ ግድ ነው። ጓሮ ግን ሌላ ነገር ነው። ላምና በሬ የባል በሚባልበት ቤት ዶሮ በአብዛኛው የሴቷ ናት፤ ጨው፣ ጋዝ፣ ደብተር የሚገዛው በእንቁላል ነው። የማትታቀፍ ዶሮ ደግሞ ስታልቅ እንደገና በብር ትገዛለች እንጂ ራሷን አትተካም፤ ይህ ወጪ በየትኛው የሥልጠና ሰነድ እንደሚሰላ እንጃ። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2020/21 ባካሄደው የናሙና ጥናት መሠረት፣ በአገሪቱ ከነበሩት 57 ሚሊዮን ገደማ ዶሮዎች ከአምስቱ አራቱ ያህል የሀበሻ ነበሩ።