ዘጌ፤ በቃል ኪዳን የታጠረች መንደር

በኢጣልያና በፖርቱጋል፣ ከታላቁ ከተማ ማለዳ ተነሥቶ በድንጋይ ቅጥር የተከበበ ጥንታዊ መንደር ተሳልሞ ማታ ወደ ቤት መመለስ የቆየ ልማድ ነው። ከባሕር ዳር ወደብ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ርቃ የምትገኘው ዘጌ ግን፣ ቅጥሯ ደንና ቃል ኪዳን ሆኖ ሳለ፣ ከከተማችን ሰው ይልቅ የሩቅ አገር እንግዳ የሚያውቃት መሆኗ ያሳዝነኛል።

የዘጌን ገዳም ያቀኑት አቡነ በትረ ማርያም በሬ ጠምዶ ማረስን በቃል ኪዳን እንደ ከለከሉ፣ ቡናውም ከበትራቸው እንደ በቀለ፣ ከአበው የተላለፈው ትውፊት ይናገራል፤ ከዚህም የተነሣ የጣና ዳርቻ ሁሉ በማረሻ ተገልብጦ ሜዳ ሲሆን፣ ይህ ባሕረ ገብ ምድር ከቡናውና ከጌሾው ጋር ጥላውን ሳይለቅ ኖሯል።

በዚያ ጥላ ሥር የሚያልፈው የእግር መንገድ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያደርሳል። ጫማውን አውልቆ ቅኔ ማኅሌቱን ያለፈ ሰው፣ የመቅደሱን ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኖ ያገኘዋል፤ በዚያም 78 ነፍስ የበላው በላኤ ሰብ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኃ ስለ ሰጠው ጥርኝ ውሃ እንዴት ምሕረት እንዳገኘ፣ ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ሳይቀር በዓይኑ ያነበዋል። ጻድቁ በሁለት ዓይን፣ ኃጥኡ በአንድ ዓይን የሚሣልበት የቀደምት ሠዓልያን ሕግ ምን ያህል ጥልቅ ስብከት እንደ ሆነ የገባኝ በዚህ ግድግዳ ፊት ቆሜ ነው።

ደቡብ አውሮጳም ለጣና እንግዳ አይደለችም። እስፓኛዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1610 ዓ.ም.፣ የዓባይን ምንጭ ጎብኝቷል፤ በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ የድንጋይ ድልድይም የእኒሁ ንጉሥ ዘመን ሥራ ነው። ከ1624 ዓ.ም. ጀምሮ የነገሡት ልጃቸው ዐፄ ፋሲል የተዋሕዶን ሃይማኖት መልሰው ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ የዐፄ ፋሲልም ዐፅም ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዐፅም ጋር በዳጋ እስጢፋኖስ አርፏል። ዳጋ ግን ከዘጌ ርቃ በሐይቁ መካከል ያለች፣ ሴቶችም የማይገቡባት ደሴት ስለሆነች፣ ሌላ ቀን ትፈልጋለች።

ወደ ዘጌ ልመለስ። የደንገል ታንኳ ማገዶ ጭኖ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ሲቀዝፍ ያየ ሰው፣ ውበቱን አድንቆ ብቻ ማለፍ የለበትም፤ ቡናው ባለቤቱን ካልመገበ፣ ዛፉ የሚቆረጠው በችግር ነውና። ስለዚህ የባሕር ዳር ሰው ሆይ፣ በአንዲት ቅዳሜ፣ የከሰዓቱ ነፋስ ሐይቁን ሳያናውጠው፣ ልጆችህን ይዘህ ተሻገር፤ ስትመለስም የዘጌን ቡና ከገበሬው እጅ፣ ዋጋውን ሳታሳንስ፣ ገዝተህ ና።