የመረጃ ትንተና ሰርቨርን በሊኑክስ ላይ ማቋቋም፤ የአርጆና የአካባቢዋ የጤና ሪፖርት እንደ ምሳሌ

አርጆ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 379፣ ከነቀምቴ ደግሞ 48 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ከነቀምቴ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ የምትገኝ ደጋማ ከተማ ስትሆን፣ በምሥራቅ ወለጋ ዞን የጅማ አርጆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከከተማዋ በታች የተዘረጋው የዴዴሳ ሸለቆ ግን ሞቃታማ ነው። ሸለቆው ለመስኖና ለሸንኮራ አገዳ ልማት የተመቸውን ያህል ለወባ ትንኝ መራባትም የተመቸ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 በነበረው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ መታመማቸውና 1,157 ሰዎች መሞታቸው ተመዝግቧል። ከሕሙማኑ 44 በመቶ የሚሆኑት የተመዘገቡት በኦሮሚያ ክልል ሲሆን፣ ምሥራቅ ወለጋን ጨምሮ የክልሉ ምዕራባዊ ዞኖች በእጅጉ ከተጠቁት መካከል ነበሩ። የእነዚህ ሁሉ ቁጥሮች መነሻ በአንድ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ የተሰመረች አንዲት ሰረዝ ናት። ሰረዟ ቁጥር ሆና፣ ቁጥሩም ተተንትኖ መድኃኒትና አጎበር የሚመድበው ኃላፊ ዘንድ እስኪደርስ የሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን በሕሙማን ላይ የሚቆጠር ነው። በመሆኑም መረጃውን የሚይዘውና የሚተነትነው ሰርቨር አተካከል ለኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ይህ ጽሑፍም ሥራውን የሚያዙ፣ የሚከታተሉና የሚረከቡ የሥራ ኃላፊዎች ምን መጠየቅ እንዳለባቸው ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በጀመረው ሥራ ኦሮሚያን ጨምሮ በተለያዩ ክልሎች የተሞከረው የዲኤችአይኤስ የመጀመሪያ ትውልድ በማይክሮሶፍት አክሰስ ላይ የተገነባ ነበር። እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት መረጃውን በራሱ ኮምፒውተር ላይ የሚይዝ በመሆኑም አንዱ ያለውን ሌላው የሚያየው ፋይሉ ተቀድቶ ሲላክለት ብቻ ነበር። ጤና ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በተተገበረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የመረጃ አብዮትን ከዋና ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎ ከያዘ በኋላ፣ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዲኤችአይኤስ 2 የተባለውን ሥርዓት በአገር አቀፍ ደረጃ ወደ ሥራ አስገብቷል። ሥርዓቱ የባለቤትነት ክፍያ የማይጠየቅበት፣ በጃቫ ቋንቋ የተጻፈ፣ መረጃውን ፖስትግሬስ በተባለው የመረጃ ቋት የሚያስቀምጥ ሲሆን፣ ሰርቨሩም በአብዛኛው ሊኑክስ ላይ ይተከላል።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ መለየት ይኖርበታል። የአርጆ ጤና ባለሙያ ሪፖርቱን የሚያስገባው በኢንተርኔት ማሰሻ አማካይነት በማዕከል ወዳለው ሰርቨር ነው። ግንኙነት ቢቋረጥ እንኳ የተሞላው ቅጽ በማሰሻው ውስጥ ተቀምጦ መስመሩ ሲመለስ ሊላክ ይችላል። ስለዚህ ወረዳው ሌላ የሪፖርት መቀበያ ሰርቨር አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ምናልባት ነቀምቴ ላይ፣ ለዞኑ ወረዳዎች በሙሉ የሚያገለግል የትንተና ሰርቨር ነው። ሁለቱን መለያየት የሚገባው ደግሞ የአምስት ዓመት መረጃን በአንዴ የሚያገላብጥ ከባድ ጥያቄ፣ ጤና ጣቢያዎች ሪፖርታቸውን በሚያስገቡበት የመጨረሻ ቀን ቢጠየቅ፣ የሁሉንም ሥራ ሊያዘገይ ወይም ሊያቆም ስለሚችል ነው።

ተከላው የሚጀምረው ከማሽኑ በፊት ነው። የክረምቱ መብረቅና የኃይል መቆራረጥ በማይለይበት አካባቢ የተስተካከለ የምድር መስመር፣ ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያና አየር የሚዘዋወርበት ክፍል ቀድመው መዘጋጀት አለባቸው። የባትሪው መጠባበቂያ ከሰርቨሩ ጋር በሽቦ ተገናኝቶ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሊኑክስ ራሱን በሥርዓት እንዲዘጋ መደረግ ይኖርበታል፤ ሽቦው በካርቶኑ ውስጥ ተረስቶ ከቀረ ግን መጠባበቂያው ጥፋቱን ለጥቂት ደቂቃዎች ከማዘግየት አያልፍም።

ከሊኑክስ ዓይነቶች መካከል የረዥም ጊዜ ድጋፍ ያለውን የኡቡንቱ ዕትም መምረጥ ይበጃል። ይህ ዕትም በየሁለት ዓመቱ የሚወጣ ሲሆን፣ ለአምስት ዓመታት የደኅንነት ማሻሻያ በነፃ ያገኛል። የ24.04 ዕትም ለምሳሌ ይጠቀሳል። በተከላው ወቅት የመስኮትና የምስል ገጽታዎችን መተው፣ ሁለት ዲስኮች አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆኑ ማድረግ፣ የመረጃ ቋቱንም ከሥርዓተ ክወናው በተለየ ክፍልፋይ ላይ ማስቀመጥ ተገቢ ነው። አለበለዚያ የሥርዓቱ የዕለት ማስታወሻ ፋይሎች ዲስኩን ሞልተው ቋቱን ሊያቆሙት ይችላሉ። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ተብሎ መሞላት፣ ሰዓቱም በመረብ አማካይነት እየታረመ መሄድ አለበት። ማሽኑ ሌሊት 3 ሰዓት ብሎ የመዘገበው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሆኑን ተረኛው ባለሙያ ካላስተዋለ፣ የብልሽት ምርመራው ከመጀመሪያው የተሳሳተ ሰዓት ይዞ ይነሳል።

ቀጥሎ የሚተከለው ፖስትግሬስ እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረ የምርምር ሥራ የተገኘ ነው። እንደተተከለ ለጋራ ማኅደረ ትውስታ የሚመድበው 128 ሜጋባይት ብቻ በመሆኑ ትልቅ ማሽን ላይም ቢሆን ቀርፋፋ ሆኖ ይታያል። በተለምዶ ለቋቱ ብቻ በተመደበ ማሽን ላይ የራሙ ሩብ ያህል ይሰጠዋል፤ 64 ጊጋባይት ካለ 16 ጊጋባይት ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚሰጠው የሥራ ቦታ መነሻው 4 ሜጋባይት ሲሆን፣ ይህን በጥንቃቄ ከፍ ማድረግ ይቻላል። በጥንቃቄ የተባለው መጠኑ በተጠቃሚዎች ብዛት ስለሚባዛ ነው። ለዲኤችአይኤስ 2 ካርታ የሚያነበው ፖስትጂአይኤስ የተባለው ቅጥያ የግድ ያስፈልጋል። ቋቱ ሲፈጠር የፊደል አጻጻፉ ዩቲኤፍ 8 መሆኑም መረጋገጥ አለበት። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት በየራሳቸው ኮድ በሚሠሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ወደ ዩኒኮድ ሳይለወጡ ወደ ቋቱ ከገቡ ትርጉም የለሽ ምልክቶች ሆነው ይቀራሉ።

ከዚያ ጃቫ፣ ቶምካትና ራሱ ዲኤችአይኤስ 2 ይከተላሉ። የትኛው የጃቫና የቶምካት ዕትም እንደሚያስፈልግ የሚወሰነው በሚተከለው የዲኤችአይኤስ 2 ዕትም ነው። ቶምካት በ8080፣ ፖስትግሬስ በ5432 በር ያዳምጣሉ፤ ሁለቱም ከውጭ መታየት የለባቸውም። ለውጭ የሚከፈተው በምስጠራ የሚሠራው 443 ብቻ ሆኖ፣ ከፊት የሚቆመው ኤንጂኒክስ የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። የቋቱ የይለፍ ቃል የተጻፈበት የውቅር ፋይልም ፕሮግራሙ ከሚሠራበት ተጠቃሚ በስተቀር ማንም እንዳያነበው ፈቃዱ መገደብ ይኖርበታል።

ኃላፊዎችን በተደጋጋሚ የሚያነጋግር አንድ ጉዳይ አለ። ሪፖርቱ ማምሻውን መግባቱ ተረጋግጦ ሳለ በሰንጠረዡና በግራፉ ላይ አይታይም። ይህ ብልሽት አይደለም። ሥርዓቱ ጥሬውን መረጃ በቀጥታ አይደምርም፤ የትንተና ሰንጠረዦች የሚባሉትን በተወሰነለት ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ አዘጋጅቶ ከእነርሱ ያነባል። ስለሆነም የሌሊቱ ዝግጅት መሳካት አለመሳካቱን ጠዋት የሚያይ ባለሙያ መመደብ አለበት። ዝግጅቱ ሦስት ሌሊት ቢከሽፍ ግራፉ ምንም ሳይናገር የሦስት ቀን አሮጌ መረጃ ያሳያል፤ በወባ ወቅት ደግሞ ሦስት ቀን ብዙ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ግን ስህተት የሚበዛው በዘመን አቆጣጠር ላይ ነው። ዲኤችአይኤስ 2 የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያውቅ ሲሆን፣ ምርጫው ለመላው ሥርዓት አንድ በመሆኑ መረጃ መግባት ከመጀመሩ በፊት መወሰን አለበት። ከዚህ በላይ ግን የሪፖርት ወሩ ራሱ መታወቅ ይኖርበታል። የጤና ተቋማት ወርሃዊ ሪፖርት ካለፈው ወር 21 እስከ ያዝነው ወር 20 ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። በዚህ ስሌት የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ሆኖ ጳጉሜን በመሐል ስለሚያቅፍ 35 ቀን፣ ጳጉሜ 6 በሚሆንበት ዓመትም 36 ቀን ይኖረዋል። ሌሎቹ ወራት 30 ቀን ናቸው። አንድ ጤና ጣቢያ በየቀኑ እኩል ቁጥር ያለው የወባ ሕሙማን ቢያክም እንኳ የመስከረም ድምሩ ከነሐሴው በ17 በመቶ ገደማ፣ በስድስተኛው ጳጉሜ ዓመት በ20 በመቶ ይበልጣል። መስከረም ደግሞ ዋናው የወባ ወቅት የሚገባበት ወር ነው። ቀኑን ያላሰበ ተንታኝ የአቆጣጠር ብልጫን ወረርሽኝ ነው ብሎ ሊያስደነግጥ፣ ወይም በተቃራኒው እውነተኛውን ጭማሪ ጳጉሜ ያመጣው ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። መፍትሔው ድምሩን በሪፖርቱ ቀናት ቁጥር አካፍሎ ማነጻጸር ነው። ከሰኞ እስከ እሑድ የሚቆጠረው ሳምንታዊ የወረርሽኝ ቅኝት ሪፖርትም ለማመሳከሪያ ያገለግላል፤ ሆኖም ሁለቱን በአንድ ሰንጠረዥ ቀላቅሎ መደመር አይገባም።

የቦታ ስም ሌላው ወጥመድ ነው። ጅማ አርጆ፣ ጅማ ዞን፣ በሆሮ ጉዱሩ ያሉት ጅማ ራሬና ጅማ ገነቲ፣ በቄለም ያለው ጅማ ሆሮ ሁሉም «ጅማ» ብለው ይጀምራሉ። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አርጆ ጉደቱም ከአርጆ የተለየች ከተማ ናት። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ስሙን በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ይጽፋል፤ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል። ለአንባቢ አንድ የሆነው «ዴዴሳ» እና «ዲዴሳ» ለኮምፒውተር ሁለት የማይገናኙ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ሰንጠረዦች መገናኘት ያለባቸው በተቋሙ መለያ ቁጥር እንጂ በስሙ አይደለም። አንድ ወረዳ ሲከፈል ወይም ከዞን ወደ ዞን ሲዛወር የቀድሞው መለያ መሰረዝ የለበትም፤ የተዘጋበት ቀን ተጽፎበት ይቀመጣል። ምዕራብ ኦሮሚያ ባለፉት ሃያ ዓመታት ሆሮ ጉዱሩ ወለጋንና ቡኖ በደሌን የመሰሉ አዳዲስ ዞኖች የተደራጁበት አካባቢ በመሆኑ ይህን ያላገናዘበ የአሥር ዓመት ንጽጽር ትክክለኛ ሊሆን አይችልም።

ለትንተናው ራሱ አር የተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ ከአርስቱዲዮ ሰርቨር ጋር ቢተከል ባለሙያዎች ከየቢሯቸው በማሰሻ ሊሠሩበት ይችላሉ። አር መረጃውን ራም ላይ ጭኖ የሚሠራ ስለሆነ ድምሩንና ማጣሪያውን አስቀድሞ በፖስትግሬስ ማሠራት ይመረጣል። ተንታኞች ወደ ቋቱ የሚገቡትም ማንበብ ብቻ በሚፈቅድ መለያ ይሁን። የማዕከሉን መረጃ ወደዚህ ማምጣት የሚቻለው የመረጃው ባለቤት ሲፈቅድ፣ በሥርዓቱ የፕሮግራም መገናኛ በኩል ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል መድቦታል። ለወባ ክትትል ድምር ቁጥር በቂ በመሆኑም የሕሙማንን ስም ወደ ትንተና ሰርቨር ማስገባት አያስፈልግም። የሥራ ቦታውን የለቀቀ ባለሙያ መለያ በዚያው ቀን መዘጋት አለበት፤ የንብረት መመለሻ ቅጹ ላይ አንድ ረድፍ መጨመር ይህን ያስፈጽማል።

ስለ መጠባበቂያ ቅጂ፣ እርስ በርስ የሚገለባበጡት ሁለት ዲስኮች ቅጂ አለመሆናቸው መታወቅ አለበት። በስህተት የተሰረዘ ሰንጠረዥ ከሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይጠፋል። ቋቱ በየሌሊቱ ተገልብጦ አንዱ ቅጂ እዚያው ሕንፃ፣ ሌላው ከሕንፃው ውጭ፣ የሚቻል ከሆነም ከከተማው ውጭ ሊቀመጥ ይገባል። የትንተና ሰንጠረዦች ከጥሬው መረጃ እንደገና ሊዘጋጁ ስለሚችሉ ከቅጂው ሊወጡ ይችላሉ፤ ይህም መጠኑን በእጅጉ ስለሚቀንሰው በደካማ መስመር እንኳ ለመላክ ያመቻል። ርክክብ ሲፈጸም ተረካቢው ኃላፊ የመጨረሻው ቅጂ በሌላ ባዶ ማሽን ላይ ሲመለስ በዓይኑ እንዲያይ፣ የወሰደውም ጊዜ በቃለ ጉባኤው እንዲመዘገብ መጠየቅ አለበት። ለምሳሌ የጅማ አርጆ ወረዳን ያለፈውን የመስከረም ወር የወባ ድምር ከተመለሰው ቅጂ አውጥቶ ከወረዳው የወረቀት ሪፖርት ጋር ማስተያየት ከግማሽ ሰዓት በላይ አይፈጅም። ቁጥሮቹ ካልተገናኙ የርክክብ ሰነዱ አይፈረምም።