የኡናስ ፒራሚድ፦ ከወንዝ ዳር እስከ መቃብር ክፍል

የጥንቷ ግብፅ ፒራሚድ ሲነሣ በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው በበረሃ መካከል ለብቻው የቆመ የድንጋይ ተራራ ቢሆንም፣ ፈርዖኖች ያሠሩት ግን ከዓባይ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ምዕራቡ በረሃ የሚወጣ፣ ቤተ መቅደሶችን፣ መንገድን፣ ቅጥርንና መቃብርን ያያያዘ አንድ ሰፊ ሕንፃ ነበር። ይህን አሠራር በጉልህ ከሚያሳዩት አንዱ፣ የአምስተኛው ሥርወ መንግሥት የመጨረሻ ንጉሥ ኡናስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ24ኛው መቶ ዓመት በሳቃራ ያሠራው ነው። የኩፉ ፒራሚድ በጊዛ 146 ሜትር ያህል ከፍ ሲል የኡናስ ከ43 ሜትር አላለፈም፤ የታሪክ ጸሐፍት ብሉይ መንግሥት በሚሉት ዘመን ተሠርተው ካለቁት የነገሥታት ፒራሚዶችም ትንሹ ነው። ይሁን እንጂ የፒራሚድ ታላቅነት በቁመት ብቻ የሚለካ ከሆነ የኡናስ ሥራ ዋና ቁም ነገር ሳይታይ ይቀራል።

የሕንፃው መነሻ በውኃ ዳር የተሠራው የሸለቆ ቤተ መቅደስ ነበር። በኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው የክረምት ዝናብ በዓባይና በተከዜ በኩል ግብፅ ደርሶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ ጀልባዎች እስከ በረሃው ጠርዝ መቅረብ ይችሉ ስለነበር፣ ከባዱን ድንጋይ ማድረስ የሚቀለው በዚያ ወቅት ነበር። ከቤተ መቅደሱ ወደ ፒራሚዱ የሚወስደው መንገድ ከ700 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ግራና ቀኙ በግንብ የታጠረ፣ ከላይም በድንጋይ የተከደነ ሲሆን፣ በጣሪያው መካከል የተተወው ጠባብ ክፍተት በግድግዳው ላይ ለተቀረጹት ሥዕሎች ብርሃን ይሰጥ ነበር። ከሥዕሎቹ አንዱ ከአስዋን የተፈለጡ የግራናይት ዓምዶች በጀልባ ተጭነው ሲመጡ ያሳያል፤ ሌላው ደግሞ የጎን አጥንታቸው የወጣ፣ በረሃብ የከሱ ሰዎችን ያሳያልና የንጉሥን ክብር ለማወጅ በተሠራ ግድግዳ ላይ መገኘቱ እጅግ የሚያስገርም ነው። መንገዱን ደልድለው ለማስተካከል ሠራተኞቹ የቆዩ መቃብሮችን አፍርሰው ድንጋያቸውን ለመሠረት አውለዋል፤ የንጉሥ ጥፍር አስተካካዮች የነበሩት የኒያንክኽኑምና የኽኑምሆቴፕ መቃብር ከፊሉ የፈረሰው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ የቀረው ክፍል ግን ከመንገዱ ሥር ተቀብሮ በመቆየቱ ውብ ቅርጾቹ ለዛሬ ደርሰዋል።

መንገዱ የሚያበቃው በፒራሚዱ ምሥራቃዊ ጎን በተሠራው የመሥዋዕት ቤተ መቅደስ ነው። በዚያ ካህናት ለሙታን ነፍስ መውጫና መግቢያ ይሆናል ተብሎ በድንጋይ በተቀረጸው፣ ሐሰተኛ በር በሚባለው ፊት ለንጉሡ ምግብና መጠጥ ያቀርቡ ነበር።

የፒራሚዱ መግቢያ በሰሜን በኩል ነው፤ ይህም ከአድማስ በታች የማይጠልቁት የሰሜን ከዋክብት የማይሞቱ ተደርገው ይታመኑ ስለነበር ትርጉም ያለው አቅጣጫ ነው። ቁልቁል የሚወስደው መተላለፊያ በሦስት የግራናይት መዝጊያዎች ተዘግቶ ነበር፤ እነሱን ያለፈ ሰው መጀመሪያ ወደ ፊተኛው ክፍል ይደርሳል፣ ከዚያም በስተ ምዕራብ፣ ፀሐይ በምትጠልቅበት አቅጣጫ፣ ወደ መቃብሩ ክፍል ይገባል። ጥቁሩ የድንጋይ ሣጥን በሚገኝበት ጫፍ ግድግዳው በአልባስጥሮስ የተለበጠና የቤተ መንግሥት አጥር አምሳል የተሣለበት ሲሆን፣ ጣሪያውም በከዋክብት ተሞልቷል። በቀሩት ግድግዳዎች ላይ በሂሮግሊፍ፣ ማለትም በግብፃውያን የሥዕል ፊደል፣ ንጉሡ ወደ ሰማይ እንዲወጣ፣ ከፀሐይ አምላክ ከራ ጋር እንዲቀላቀልና ከእባብ እንዲጠበቅ የሚደገሙ ከ200 የሚበልጡ ቃላተ ጸሎት ተቀርጸው ሰማያዊ ቀለም ተቀብተዋል። ፈረንሳዊው ጋስቶን ማስፔሮ እ.ኤ.አ. በ1881 የገባበት ይህ ክፍል፣ የፒራሚድ ጽሑፎች የሚባሉት መጀመሪያ የተቀረጹበት ስፍራ ነው። የጊዛ መቃብር ክፍሎች ግድግዳ ባዶ ነው፤ የኡናስ ሠሪዎች ግን በድንጋይ ክምር ያልተወዳደሩትን ያህል በቃል በልጠዋል፤ ከእርሱ በኋላ የነገሡት ቴቲና ፔፒም ይህንኑ ፈለግ ተከትለዋል።

ካህናቱ ለዘመናት አገልግሎታቸውን ቢቀጥሉም ሕንፃው ከጊዜ በኋላ ፈራርሷል። ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ የዳግማዊ ራምሴስ ልጅ ካዕምዋሴት ፒራሚዱን አሳድሶ፣ የኡናስ ስም በላዩ ጠፍቶ ስለነበር እንደገና ማስጻፉን የሚገልጽ ጽሑፍ በደቡባዊው ገጽ ላይ አስቀርጿል።