ከየብስ የሚነሣ የውሃ ብክለት በአዊ ዞን

ከየብስ የሚነሣ የውሃ ብክለት ማለት በጎርፍና በወንዝ እየተጠረገ ሐይቅና ባሕር ውስጥ የሚገባ አፈር፣ ማዳበሪያ፣ ፍሳሽና ደረቅ ቆሻሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በዋሽንግተን የጸደቀው፣ ባሕርን ከየብስ ብክለት ለመጠበቅ የወጣው ዓለም አቀፍ መርሐ ግብር ደለልንም ከብክለት ይቆጥረዋል።

አዊ ዞን ከባሕር የራቀ ደጋ ቢሆንም ውሃው የአባይ ተፋሰስ ነው። ከዳንግላ አካባቢ የሚነሡ ጅረቶች በግልገል አባይ በኩል ወደ ጣና ይገባሉ። በምዕራብ ያሉት ደግሞ በበለስ በኩል ከአባይ ጋር ይገናኛሉ።

ከእርሻ ወደ ጣና

የጤፍ ማሳ ደጋግሞ ይታረሳል፤ የሚዘራውም ክረምቱ ሲበረታ ነው። ስለዚህ ዝናቡ በሚከብድበት ጊዜ መሬቱ ራቁቱን ይሆናል። ፎስፈረስ ከቀይ አሲዳማ አፈር ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝ ከማሳ የሚወጣው በአብዛኛው ከአፈሩ ጋር ነው፤ አፈሩን የያዘ ማዳበሪያውንም ይዟል ማለት ይቻላል። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ደለል ቶሎ ይጎዳዋል። ከባርበስ ዓሦች አንዳንዶቹ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ ደለል እንቁላሉን ሲሸፍነው አየር ያሳጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም የሚፋፋው በዚሁ ንጥረ ነገር ነው።

የዴከረንስ ተክል

በፋግታ ለኮማ ወረዳ መሬቱን የሸፈነው የመንግሥት ዘመቻ ብቻ ሳይሆን የከሰል ገበያ ነው። ገበሬው ዴከረንስ የተባለውን የአውስትራሊያ ግራር በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ይተክላል፣ ቀጥሎ ከሥሩ ሣር ያጭዳል፣ በአራት ወይም በአምስት ዓመት ቆርጦ ያከስላል። በሳተላይት ምስል የተሠሩ ጥናቶች የወረዳው የዛፍ ሽፋን በእጅጉ መጨመሩን አሳይተዋል። ከቆረጣ በኋላ ግን መሬቱ እንደገና ስለሚታረስ ጥበቃው ይቋረጣል።

እስከ ሜዲትራኒያን

የአባይ ደለል ሁልጊዜ ጉዳት ብቻ አልነበረም። ከአስዋን ከፍተኛ ግድብ በፊት የክረምቱ ሙላት የሜዲትራኒያንን ሰርዲን ይመግብ ነበር፤ ግድቡ በ1960ዎቹ ውሃውን ሲያቆም የሰርዲን ምርት አሽቆለቆለ። ዛሬ አብዛኛው ደለል የሚቀረው በጣና፣ በኅዳሴውና በሱዳን ግድቦች ነው።

በቅርብ ዓመታት ዴከረንስን የፈንገስ በሽታ አጥቅቶታል። ዛፉ ከደረቀባቸው ማሳዎች አንዳንዶቹ ወደ እህል እርሻ ተመልሰዋል።