የዓይን መድኃኒትና ልኩ

የሰው ልጅ ከሕዋሳቱ ሁሉ ይልቅ ስለ ዓይኑ ሲጨነቅ፣ ለርሱም ፈውስ ሲሻ ብዙ ዘመን መድከሙን የሚመሰክሩ መጻሕፍት ጥቂቶች አይደሉም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው፣ ኤበርስ የሚባለው የግብፅ ፓፒረስ ለዓይን ሕመም የሚሆኑ ብዙ መድኃኒቶችን ይዘረዝራል። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቈጥረው መጽሐፈ ጦቢትም፣ የወፍ ኵስ ወድቆበት ዓይኑ የጠፋው ጻድቅ አባት፣ ልጁ ጦብያ በመልአኩ በቅዱስ ሩፋኤል ምክር ከዓሣ ሆድ ያወጣውን ሐሞት ቢቀባው ብርሃኑ እንደ ተመለሰለት ይተርካል። ሊቃውንቶቻችን በብራና ጽፈው ባቈዩልን መጻሕፍተ መድኃኒትም ለዓይን የሚታዘዝ ቅጠልና ሥር ይገኛል። ነገር ግን ይህን ታሪክ በጥሞና የመረመረ ሰው እንደሚረዳው፣ መድኃኒቱን ማግኘት የድካሙ እኩሌታ ብቻ ነበር፤ ለየትኛው ሕመም፣ በምን ያህል ብርታት፣ ለስንት ቀን፣ በምን ዓይነት ንጽሕና ይሰጥ የሚለው እኩሌታ ከመድኃኒቱ ዘግይቶ፣ በብዙዎችም ዓይን መጥፋት ተገዝቶ የመጣ ዕውቀት ነው።

ይህን ልክ በጽሕፈት ለማሰር ከተደረጉት የጥንት ሙከራዎች አንዱ በሮማውያን ዘመን ይታያል። የዚያ ዘመን የዓይን ሐኪሞች ማዕድኑንና ዕፁን ከሙጫ ጋር ለውሰው፣ በበትር አምሳል አድርቀው ያኖሩት ነበር፤ ገና ሳይደርቅም በትንሽ ባለ አራት ማዕዘን ድንጋይ ማኅተም ይመቱበት ነበር። በድንጋዩ ጠርዝ ላይ የሐኪሙ ስም፣ የመድኃኒቱ ስም፣ የሚፈውሰው ሕመም፣ አንዳንድ ጊዜም በእንቁላል ተበጥብጦ ይደረግ የሚል ትእዛዝ ተገልብጦ ተቀርጾ ይገኛል። እንዲህ ያሉ ከ300 በላይ ማኅተሞች፣ በተለይም ዛሬ ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ብሪታንያ በሚባሉት አገሮች፣ ከመሬት ተቈፍረው ወጥተዋል። እኔ ከመድኃኒቱ ይልቅ የማደንቀው ማኅተሙን ነው፤ የቀላ ዓይን ሁሉ አንድ ሕመም እንዳልሆነ፣ ለአንዱ የተበጀውም ለሌላው እንደማይሆን የተረዱ ሰዎች ሥራ ነውና። ሐኪም ለእርሱ ያዘዘለትን ጠርሙስ፣ የተጻፈበትን ወረቀት ጥሎ፣ ዓይኑ ለቀላ ጎረቤቱ በቅንነት የሚያውስ ሰው፣ እነዚያ ሐኪሞች በድንጋይ ቀርጸው የጠበቁትን ነገር ሳያውቀው ያፈርሰዋል።

ስለ ብርታት ልክ ከሁሉ ይልቅ ያስተማረው ግን በጀርመን አገር፣ በላይፕሲክ ከተማ በነበረው የወላዶች ሐኪም ቤት የተሠራው ሥራ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በዚያ ዘመን፣ ጨብጥ ካለባት እናት የሚወለድ ሕፃን በመውለጃዋ ሰዓት ተለክፎ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ዓይኑ አብጦ መግል ያፈስ፣ ብሌኑም ቈስሎ ታውሮ ይቀር ነበር፤ በአውሮፓ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ከነበሩት ልጆች ብዙዎቹ በዚህ ሕመም ብርሃናቸውን ያጡ ነበሩ። የሐኪም ቤቱ አለቃ ካርል ክሬዴ እናቶችን በማጠብ ሊከላከለው ሞክሮ እንደ ልቡ ባይሆንለት፣ ከ1880 ጀምሮ በሚወለዱት ሕፃናት ዓይን ላይ፣ ሕመሙ ታየ አልታየ ሳይል፣ ከመቶ ሁለት እጅ የብር ናይትሬት ያለበትን ውኃ በብርጭቆ ዘንግ አንዲት ጠብታ ብቻ ያደርግ ጀመር። ከመቶ ሕፃናት አሥር ያህሉን ይይዝ የነበረው ሕመም ከመቶ ከአንድ በታች ወረደ። በአንዲት ጠብታ ይህን ያህል ሕፃናትን ከጨለማ ያዳነ ሥራ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም።

ሆኖም ያው የብር ናይትሬት ሥጋን የሚያቃጥል ነው። ጠርሙሱ ተከፍቶ ሲቈይ ውኃው እየተነነ ብርታቱ ይጨምራል፤ በስሕተት አጥብቆ የበጠበጠው ባለ መድኃኒት ባጋጠመም ጊዜ፣ እንዲድኑ የታሰበላቸው ሕፃናት ብሌናቸው ተቃጥሏል። ስለዚህ ብርታቱ ወደ ከመቶ አንድ ተቀነሰ፤ ቀጥሎም ለአንድ ሕፃን ብቻ የሚበቃው መጠን በትንሽ የሰም ማኅደር ታሽጎ ይቀርብ ጀመር። ዛሬ በአገራችን ጤና ጣቢያዎች አዋላጆች በተወለደው ሕፃን ዓይን ላይ የሚያደርጉት፣ በተለምዶ ቲቲሲ የሚባለው የቴትራሳይክሊን ቅባት፣ የዚያ የላይፕሲክ ጠብታ ወራሽ ነው። ክሬዴ አንዲት ጠብታ ብቻ ማለቱም ትክክል ነበር፤ በዓይንና በታችኛው ቆብ መካከል ያለው ስፍራ ከአንዲት ጠብታ አብልጦ አይይዝምና፣ ሁለተኛዋ ወደ ጕንጭ ትፈሳለች፣ ወይም በእንባ መውረጃው በኩል ወደ አፍንጫ፣ ከዚያም ወደ ደም ትገባለች። ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን ማዕዘን ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ በጣት መጫን፣ ሁለተኛ ዓይነት መድኃኒት ካለም አምስት ደቂቃ ያህል መታገሥ የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው።



ወደ አገራችን ስንመለስ ከትልልቆቹ የዓይን ጠላቶች አንዱ ማዝ፣ ማለት ትራኮማ ነው። በ2006 በወጣው አገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ልጆች ከመቶ 40 ያህሉ ይህ ሕመም በንቁ መልኩ ተገኝቶባቸዋል። አያቶቻችን ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍት በወረንጦ እየነቀሉ ሥቃዩን ሲያስታግሡ ኖሩ፤ መንሥኤው የሆነውን ረቂቅ ሕዋስ በእንቁላል ላይ አሳድጎ ለብቻው የለየው የቻይናው ሊቅ ታንግ ፌይፋን ሲሆን፣ ያም በ1950ዎቹ ነው። ከመቶ አንድ እጅ የቴትራሳይክሊን ቅባት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ስድስት ሳምንት ያህል ሳይቋረጥ ሲደረግ ማዝን ያድናል። ነገር ግን ቅባቱ ዓይንን ያደበዝዛል፣ መግሉም በጥቂት ቀን ይደርቃል፤ እናት ልጇ የዳነ መስሏት በሁለተኛው ሳምንት ቅባቱን ብታቆም የምትወቀስበት ምክንያት አይታየኝም፤ የሚወቀሰው ስድስቱ ሳምንት ለምን እንደ ታዘዘ ሳይነግራት የሸኛት ነው። አንድ ጊዜ ተውጦ የሚበቃው አዚትሮማይሲን በዘመቻ መታደል የጀመረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ቅባቱም ስድስት ወር ላልሞላቸው ሕፃናት ቀርቷል።

ስለ ንጽሕና የተከፈለው ዋጋም ከዚህ አያንስም። በብሌን ላይ ያለን ቁስል ለማየት የሚደረገው ፍሎረሰይን የተባለ ቀለም በአንድ ጠርሙስ ለብዙ ሕመምተኛ ሲውል፣ ሱዶሞናስ የሚባለው ተሐዋሲ በውስጡ እየራባ የብዙዎችን ዓይን ስላጠፋ፣ በ1950ዎቹ ቀለሙ በወረቀት ቅዳጅ ላይ ደርቆ ለአንድ ሰው ብቻ እንዲሆን ተደረገ። ይህም ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በ2023 በአሜሪካ በተበከለ የእንባ ምትክ ጠብታ ሰበብ ተለክፈው ከተመዘገቡት 81 ሰዎች 14ቱ ብርሃናቸውን አጡ፣ 4ቱም ሞቱ። ያ ስሕተት የፋብሪካ ነበር፤ በየቤታችን ግን የጠርሙሱ አፍ ሽፋሽፍትን ወይም ጣትን ሲነካ ያው ነገር በትንሹ ይሆናል። እጅን ታጥቦ፣ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ስቦ፣ ወደ ላይ እያዩ ጠርሙሱ ሳይነካ ማንጠባጠብ፣ ከተከፈተ አራት ሳምንት የሞላውንም አብዛኛውን ጊዜ መጣል የተባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የኮርቲዞን ታሪክ ነው። በ1949 የመገጣጠሚያ ሕመምተኞችን ከአልጋ አስነሥቶ ዓለምን ያስደነቀው ይህ መድኃኒት፣ ወዲያው በዓይን ጠብታ መልክ ቀርቦ፣ እሳት የመሰለውን ዓይን በቀናት ውስጥ ያነጣ ጀመር፤ በዓይን ውስጥ ለሚነሣው ብግነትም እስከ ዛሬ የማይተካ ረዳት ነው። ነገር ግን ሄርፐስ የሚባለው ቫይረስ ባቈሰለው ብሌን ላይ ሲደረግ ቁስሉን እንደሚያሰፋው፣ ሲዘወተርም ሞራ እንደሚያመጣና የዓይንን ግፊት ከፍ እንደሚያደርግ፣ ከመቶ ሰዎች በአምስት ያህሉም ግፊቱ እጅግ እንደሚያይል ታወቀ። ግፊቱ ሲጨምር ዓይኑ አያምምም፣ አይቀላም፤ የማየት ነርቭ ብቻ በዝግታ ይሞታል። በአገራችን በአለርጂ ምክንያት ዓይናቸው እየበላ የሚያሠቃያቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ ከነዚህም አንዱ ይህ ጠብታ ታዞለት ዕረፍት ካገኘ በኋላ፣ ወላጆቹ በፍቅርና በየዋህነት ያንኑ ጠርሙስ ያለ ማዘዣ እየገዙ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቀጥሉለታል፤ ወደ ሐኪም ሲመጣ ግላኮማ የሚባለው ይህ የግፊት ሕመም ነርቩን ጨርሶት ይገኛል። የጠፋው ነርቭ ደግሞ በምንም መድኃኒት አይመለስም። ስለዚህ ኮርቲዞን ያለበትን ጠብታ ለረዥም ጊዜ የሚያዝ ሐኪም በየሳምንታቱ የዓይኑን ግፊት ይለካል፣ መድኃኒቱንም በአንድ ጊዜ ሳይቈርጥ ቀስ በቀስ ያወርደዋል፤ ሕመምተኛውም ጠርሙሱ ሲያልቅ ወደ መድኃኒት ቤት ሳይሆን ወደ ሐኪሙ ይመለሳል።