ፀሐይና አራስ ቤት በአብነት

በልደታ፣ በአብነት ሠፈር፣ የጭቃ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈው በቆሙበትና ደጁ ለጎረቤት ሁሉ የጋራ በነበረበት ዘመን፣ አራስ እናት ወንዱን እስከ 40፣ ሴቲቱን እስከ 80 ቀን፣ ይኸውም ሕፃኑ ጥምቀተ ክርስትናን እስኪቀበል ድረስ፣ ከብርድና ከሰው ዓይን ሸሽጋ በቤት ትሰነብት ነበር፤ ከክርስትናው በኋላ ግን አያት በርጩማዋን ይዛ ወደ ደጅ ትወጣና፣ ሕፃኑን አራቁታ በጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ ለጋ ቅቤ እየቀባች፣ እጅ እግሩን እያሸች ፀሐይ ታሞቀው ነበር።

የምዕራቡ ዓለም ሊቃውንት ወደዚህ ጥበብ የደረሱት ዘግይተው ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ፍራንሲስ ግሊሰን አጥንትን የሚያለሰልሰውንና እግርን የሚያጎብጠውን ሪኬትስ በ1650 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ቢገልጽም፣ በ1919 ሐኪሙ ሑልድሺንስኪ በበርሊን ሕሙማን ሕፃናትን በልዩ መብራት ጨረር እስኪፈውስ፣ በዚያው ዘመን እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሜላንቢ የዓሣ ጉበት ዘይትን ኃይል እስኪያሳይ፣ በ1922ም አሜሪካዊው ተመራማሪ ማኮለም ነገሩን ቫይታሚን ዲ ብሎ እስኪሰይም ድረስ፣ ምክንያቱ ተሰውሮ ኖረ። የፀሐይ ጨረር በገላ ላይ ሲያርፍ ይህ ቫይታሚን ይፈጠራል፤ አንጀትም በርሱ ረድኤት ከምግብ ካልሲየምን ይቀበላል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ይህ ነው፤ ብርሃን በሞላባት አዲስ አበባ፣ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ የሳንባ ምች ሕሙማን 500 ሕፃናት ይህ ሕመም ከሌለባቸው 500 ጋር ሲመረመሩ፣ ከሕሙማኑ 210፣ ከሌሎቹ 20 ብቻ ሪኬትስ እንዳለባቸው በ1997 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት ታተመ። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን ደረቱ ለትንፋሽ አይጸናለትም፤ አክታውንም በሳል ማስወጣት ይሳነዋል። ፀሐይዋ አልጎደለችም፤ ጋቢው፣ የክረምቱ ደመና፣ የሰው ዓይንንና ምችን መፍራት በሕፃኑና በብርሃኑ መካከል ቆሙ እንጂ። የእናት ጡትም፣ ለብዙው ነገር የሚበቃ ቢሆንም ቅሉ፣ ይህን ቫይታሚን እጅግ በጥቂቱ ይሰጣል። እናቶችን ግን አልወቅስም፤ ብርድ ስንቱን ሕፃን እንደ ነጠቀ በገዛ ዓይናቸው ያዩ ናቸውና።

በልደታ አሮጌዎቹ መንደሮች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲተካባቸው፣ ያ የጋራ ደጅ አብሮ ሄደ። አያት ሕፃኑን ከተዘጋ መስኮት ሥር ታስተኛለች፤ መስተዋቱም ሙቀቱን አሳልፎ፣ አጥንት የሚያጸናውን ጨረር ያስቀረዋል።