«ማነው?»፦ የቤት ካሜራ ከየት መጣ?

«ቤቶች!» ይላል የመጣው ሰው ከውጭ ሆኖ። «ደጆች!» ይላል ቤት ያለው። ከዚያ «ማነው?» ይከተላል፣ ስም ይነገራል፣ ድምፅ ይለያል፣ በሩ ይከፈታል ወይም አይከፈትም። አያቶቻችን ያለ ሽቦና ያለ ባትሪ የገጠሙት የጥበቃ ሥርዓት ይኼ ነበር፤ ላይ ላዩን ሰላምታ ይመስላል እንጂ ሥራው ፍተሻ ነው። ዛሬ ያንን ሥራ ካሜራ እየተረከበው ነው። ከቦሌ ቪላዎች ተነሥቶ የኮንዶሚኒየም ኮሪደር ላይ ደርሷል። እኛም እስቲ የዚህን ዕቃ የዘር ሐረግ እንቁጠር ብለን ተነሣን። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛው ሲሆን እንናገራለን።)

ስለ ካሜራና ጥበቃ የሚጻፍ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጀርመን ነው። በ1942 ፔነሙንደ ላይ፣ ቪ-2 የሚባለው ሮኬት ሲተኮስ ተጠግቶ ማየት ነፍስ ያስከፍል ነበርና፣ ዋልተር ብሩክ የተባለ መሐንዲስ ካሜራ ተክሎ ሰዎቹ ከሩቅ ሆነው በቴሌቪዥን እንዲያዩ አደረገ። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ግን የሮኬት ታሪክ ነው። የቤቱን ካሜራ ፍለጋ ስንወጣ የምናገኘው የጦር መሐንዲስ ሳይሆን ማታ ማታ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን የምትሆን አንዲት ነርስ ናት።

ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን ትባላለች። በ1922 የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት፤ ኒውዮርክ፣ ኩዊንስ ውስጥ፣ ጃማይካ በሚባል ሰፈር ነዋሪ (የቦብ ማርሌ አገር አይደለም፤ የሰፈር ስም ነው)። ባሏ አልበርት ብራውን የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻን ነበር። የሁለቱም የሥራ ሰዓት የተዘበራረቀ በመሆኑ ማሪ ብዙ ጊዜ ማታ ብቻዋን ትሆናለች። በሰፈሩ ወንጀል በዝቷል። ፖሊስ ቢጠሩት ቶሎ አይደርስም።

እዚህች ጋ ትንሽ እንቆይ። ዛሬ በፊልም እንደምናየው 911 ደውሎ «ድረሱልኝ» ማለት ያን ጊዜ አልነበረም። በአሜሪካ የመጀመሪያው የ911 ጥሪ የተደረገው በፌብሩዋሪ 1968፣ አላባማ ውስጥ ሄይሊቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ኒውዮርክ የጀመረችው በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሌሊት በርሽ ሲንኳኳ ኦፕሬተር ይዘሽ ወይም የጣቢያውን ቁጥር ፈልገሽ ትደውያለሽ፤ ከዚያ ትጠብቂያለሽ። በማርች 1964 እዚያው ኩዊንስ ውስጥ ኪቲ ጄኖቪዝ የምትባል ወጣት ከሥራ ስትመለስ ደጇ ላይ በጩቤ ተገድላለች። ኒውዮርክ ታይምስ 38 ሰዎች እያዩ ፖሊስ አልጠሩም ብሎ ጻፈ፤ ዓለም ጉድ አለ። ዘገባው ስሕተት እንደነበረበትና ምስክሮቹን አጋንኖ እንዳቀረበ ጋዜጣው ራሱ በ2016 ጽፏል። (ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች የመጀመሪያውን ዘገባ እንጂ እርማቱን ብዙም ሲነገረን አልሰማንም!) የሆነ ሆኖ የኩዊንስ ሴት በ1960ዎቹ ማታ በሯን ስትቀረቅር በጆሮዋ ያለው ይህ ታሪክ ነበር።

ኦገስት 1 ቀን 1966 (በእኛ ሐምሌ 25 ቀን 1958 ዓ.ም.) ማሪና አልበርት የፓተንት ማመልከቻ አስገቡ። ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ራሱ ከተከፈተ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ማመልከቻው ላይ የሚቀድመው የሚስት ስም ነው፤ ለዘመኑ ይኼም አንድ ነገር ነው።

ዕቃው እንዲህ ነው። በሩ ላይ፣ አንዱ ከሌላው በታች፣ አራት ማጮለቂያ ቀዳዳዎች አሉ። ከበሩ ጀርባ ካሜራው በሞተር ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ የላይኛው ቀዳዳ ለረጅም ሰው፣ የታችኛው ለሕፃን። ምስሉ መኝታ ቤት ወዳለው ቴሌቪዥን ይሄዳል። ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን አለ፤ አልጋሽ ላይ ሆነሽ «ማነው?» ትያለሽ፣ ውጭ ያለው ይመልሳል። ወዳጅ ከሆነ ከተቀመጥሽበት ሳትነሺ መቀርቀሪያውን የሚከፍት ቁልፍ ትጫኛለሽ። ጠላት ከሆነ ሌላ ቁልፍ አለ፤ እሱ ለጥበቃ ወይም ለፖሊስ የድረሱልኝ ምልክት ይልካል።

ልብ ብላችሁ ካያችሁት ይኼ ያው «ቤቶች!» «ደጆች!» ነው። ቴሌቪዥን ተጨመረበት እንጂ አካሄዱ አልተለወጠም። የሚያንኳኳ ሰው አለ፣ ከውስጥ የሚጠይቅ አለ፣ የሚወስነው ከውስጥ ያለው ነው። ካሜራው የሚያየው የራሷን ደጃፍ ነው። ተመልካቿ አንድ ናት፤ እሷም የቤቱ ባለቤት ናት።

ዲሴምበር 2 ቀን 1969 ፓተንቱ ጸደቀ፤ ቁጥሩ 3,482,037 ነው። ኒውዮርክ ታይምስም በዚያው ሳምንት ዜናውን አወጣው። ግን ዕቃው በብዛት ተመርቶ ገበያ አልወጣም። የዚያን ዘመን ካሜራ በመስታወት ቱቦ የሚሠራ፣ ከባድና ውድ ነገር ነበር፤ የነርስና የቴክኒሻን ሰፈር ቀርቶ መካከለኛው ገቢ ያለውም አይደፍረውም። የሚገርመው መፍትሔው የተገኘው በዚያው በ1969 መሆኑ ነው። ቤል ላብስ ውስጥ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ሲሲዲ የተባለውን፣ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ትንሽ ቁራጭ አሰቡት። በ2009 ለዚህ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ካሜራ የቡጢ ያህል፣ በኋላም የጣት ጫፍ ያህል የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

በመሐል የቪዲዮ ካሴት መጣ፤ ቪኤችኤስ ከ1976 ጀምሮ ነው። ይህን ብዙዎች እንደ ቴክኒክ ዝርዝር ያልፉታል፤ እኛ ግን የታሪኩ ማጠፊያ እሱ ነው እንላለን። የማሪ ዕቃ ለጥያቄ ነበር፤ ሰው ሲያንኳኳ ታያለሽ፣ ሲሄድ አለቀ። ካሴት ከመጣ በኋላ ካሜራው ማንም ሳያንኳኳ ይቀርጻል። የሚወስን ሰው አያስፈልገውም፤ ያስቀምጣል።

በኢንተርኔት ለዓለም ከታዩት የመጀመሪያዎቹ ካሜራዎች አንዱ ደግሞ (ይኼን ሳናነሣ ብናልፍ ቡና ይታዘበናል) የተተከለው ቡና ለመጠበቅ ነው። በ1991 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች ከሌላ ፎቅ ደረጃ ወርደው ጀበናው ባዶ ሆኖ እያገኙት ቢሰለቻቸው ካሜራ አነጣጠሩበት። በ1993 ምስሉ ኢንተርኔት ላይ ወጣ፤ እስከ 2001 ድረስ ዓለም የሰው ቡና ሲያይ ኖረ። አቦል መቀዳቱን ጎረቤቱ ሁሉ በጠረኑ በሚያውቅበት አገር ይህ ፈጠራ ባይታሰብ አይገርምም።

ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። በ1996 አክሲስ የተባለው የስዊድን ኩባንያ በቀጥታ ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝ ካሜራ ሸጠ። በ2013 አንድ አሜሪካዊ በስልክ የሚታይ የበር መጥሪያ ይዞ በቴሌቪዥን የባለሀብቶች ውድድር ላይ ቀርቦ ሳይስማማ ተመለሰ፤ ያው ዕቃ ሪንግ ተብሎ በ2018 አማዞን ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው። ማሪ የተመኘችው ሁሉ ተሟላ፤ ምስል፣ ድምፅ፣ ማንቂያ፣ ከሩቅ መክፈት።

ግን ተመልካቹ አንድ መሆኑ ቀርቷል። በሜይ 2023 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሪንግን ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው በ2017 አንድ የኩባንያው ሠራተኛ ለወራት ያህል ሴት ደንበኞች በመኝታና በመታጠቢያ ክፍላቸው የተቀረጹባቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ቪዲዮዎች ተመልክቷል። ኩባንያው ክሱን ባይቀበልም 5.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከመኝታ ቤቷ ሆና ደጁን እንድታይ የተፈጠረው ዕቃ ዞሮ ከውጭ መኝታ ቤቷን ማየት ጀመረ ማለት ነው። እኛ ሴቶቹ ይህን ስናነብ ብዙ ዝም አልን።

ሰው ባይሰልልሽ ደግሞ ካሜራሽ ራሱ ይኮበልላል። በኦክቶበር 2016 ሚራይ የተባለ የኮምፒውተር ተውሳክ ከፋብሪካ በመጡበት የይለፍ ቃል የተተዉ ካሜራዎችን፣ መቅረጫዎችንና የኢንተርኔት ማከፋፈያዎችን በብዛት ማርኮ የአሜሪካን ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት አስቁሟል። የካሜራ ባለቤቶቹ ሳያውቁ ዘማች ሆነው ዋሉ!

ሦስተኛው ጉዳይ ከቼክ ሪፐብሊክ ነው፤ ለእኛ ሰፈር በጣም የሚቀርበውም እሱ ነው። አንድ ሰው መስኮቱን በተደጋጋሚ ይሰብሩበትና በ2007 ካሜራ ያስገጥማል። ካሜራው ደጁን፣ የሕዝብ መንገዱንና የፊት ለፊት ጎረቤቱን መግቢያ ያያል። በወንጭፍ መስኮት የሰበሩ ሁለት ተጠርጣሪዎች በዚሁ ተያዙ። አንደኛው ግን «ሳላውቅ መንገድ ላይ መቅረጹ ሕጋዊ ነወይ?» አለ። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደርሶ በዲሴምበር 2014 ተወሰነ፤ ካሜራህ ከግቢህ አልፎ መንገድ ካየ «የግል የቤት ጉዳዬ ነው» ማለት አትችልም፣ የመረጃ ጥበቃ ሕጉ ይመለከትሃል። ፍርድ ቤቱ ንብረትን መጠበቅ ተገቢ ምክንያት ሊሆን እንደሚችልም አልካደም።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ግቢ ያለው ቤት አጥር፣ ውሻና ዘበኛ ነበረው። ዘበኛው ያያል፤ ግን እሱም ይታያል። ማን እንደሆነ እናውቀዋለን፤ «ማታ ማን መጣ?» ሲባል ምን እንደሚል፣ ምን እንደሚውጥም እናውቃለን። መብራት ሲጠፋም ባትሪውን አብርቶ ይዞራል፤ ካሜራው ግን መጠባበቂያ ባትሪ ካልተገዛለት ከሰፈሩ ጋር አብሮ ይተኛል። ኮንዶሚኒየም ላይ ግን ግቢ የሚባል ነገር የለም። በር ከበር ፊት ለፊት ነው። ስለዚህ የራስሽን በር የሚጠብቀው ካሜራ የጎረቤትሽን በር ይጠብቃል፤ ማን እንደገባ፣ ስንት ሰዓት እንደወጣ፣ ከማን ጋር እንደሆነ። ብቻዋን ተከራይታ የምትኖር ሴት በዚህ ከተማ ስንት ዓይን እንደሚከተላት እናውቃለን፤ አሁን ዓይኑ የሚያስታውስ ሆነ።

ወደ ውስጥ የዞረው ካሜራ ይብሳል። ሳሎን ላይ ይተከላል፣ ከዚያ ማድ ቤት፤ ምክንያቱ «ሠራተኛዋን ለመቆጣጠር» ነው። ከገጠር የመጣች ልጅ ያ ጥቁር ነገር ምን እንደሆነ ሳይነገራት ትሠራለች፣ ፀጉሯን ትሠራለች፣ ልብስ ትቀይራለች። ምስሉ የአሠሪዋ ስልክ ላይ ነው፣ አንዳንዴም አሜሪካ ያለው ልጃቸው ስልክ ላይ። በዓረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ቀን ከሌት ካሜራ ሥር ሆነው እንደሚሠሩ ሲነግሩን የምናዝነው እኛው ነን።

ሕጉ ጨርሶ ዝም አላለም፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይኼኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል። አዋጁ ኮሪደራችን ድረስ እስኪመጣ ግን መሰላሉ ላይ ያለው ባለሙያ አለ። አብዛኞቹ መቅረጫዎች ከምስሉ የተወሰነውን ክፍል በጥቁር የሚሸፍን ማስተካከያ አላቸው። የጎረቤትን በር አስሸፍኑት፣ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል አስቀይሩት፤ ሠራተኛ የምትተኛበትን ክፍል ከነጭራሹ እንዲተወው ንገሩት። ሽቦውን ከመጎተቱ በፊት ይሁን፤ ግድግዳ ከተበሳ በኋላ «ለሌላ ቀን» ማለቱ አይቀርም።